ድምፅ ለመስጠት ስንት መንገድ ይኬዳል?

በአገር ቤት ምርጫ መራጭ ድምፁን የሚሰጠው በተመዘገበበት ጣቢያ ብቻ ነው። አሜሪካም ለረጅም ዘመን እንዲሁ ነበረች። ልማዱን የቀየረችው በኮሎራዶ የምትገኘው ላሪመር ካውንቲ ናት። በ2003 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 143 የሰፈር ጣቢያዎቿን በ22 ማዕከላት ተካች፤ የካውንቲው መራጭ ከ22ቱ ደስ ባለው ገብቶ ይመርጣል። ነገሩ የወጪም ጉዳይ ነበር። በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ አካል ጉዳተኞች ያለሰው ርዳታ የሚመርጡበት መሣሪያ በየጣቢያው እንዲኖር አዝዟልና።

አሠራሩ የቆመው በኮምፒውተር በተያዘው የመራጮች መዝገብ ላይ ነው። አስፈፃሚዋ የመራጩን ስም ከኮምፒውተር ትፈልጋለች፤ ለአድራሻው የሚሆነው የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጠዋል፤ መምረጡም ወዲያው በሌሎቹ ማዕከላት ሁሉ ይታያል። ይህ ከተሰናከለ ሁሉም ይሰናከላል። በ2006 ዴንቨር ላይ የደረሰው ይኸው ነው፦ መዝገቡ ተንቀራፈፈ፣ በ55ቱ ማዕከላት ሰልፉ ሰዓታት ፈጀ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሳይመርጡ ተመለሱ። በድሮው የወረቀት መዝገብ ቢሆን ችግሩ ከአንድ ሰፈር አያልፍም ነበር።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲም ፈተናውን ቀምሳዋለች። በጁን 2020 በኮሮና ምክንያት የከፈተችው 20 ማዕከላት ብቻ ነበር። በፖስታ እንዲላክላቸው የጠየቁት ወረቀት ያልደረሳቸው ሁሉ ወደነዚያው ጎረፉ፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የመረጡም ነበሩ። በኖቬምበር ግን ማዕከላቱ 95 ሆኑ፤ ለተመዘገበ መራጭ ሁሉ ወረቀት በፖስታ ተላከ።

ስለዚህ «ማዕከል ይሻላል ወይስ ጣቢያ?» የሚለው ክርክር ዋናውን ነገር ይስታል ብዬ አምናለሁ። መጠየቅ ያለበት ስንት ማዕከል፣ የት የሚለው ነው። ካሊፎርኒያ በ2016 ባወጣችው ሕግ ቁጥሩን ለባለሥልጣን ፈቃድ አልተወችውም። አሠራሩን የተቀበለ ካውንቲ በምርጫው ዕለትና ከዚያ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ለ10,000 ተመዝጋቢ ቢያንስ አንድ ማዕከል መክፈት አለበት፤ ቦታ ሲመርጥም የአውቶቡስ መስመር ቅርበትን፣ እንግሊዝኛ የማይናገሩ ነዋሪዎች ያሉበትን ሰፈር ማየት ይጠበቅበታል።

ቅርብ ሆኖ ቋንቋው የማይገባ ማዕከልም ለሽማግሌ ሩቅ ነው። ዲሲ በ2004 ያወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ያካትታል። ዜግነት ያገኙ እናትና አባቶቻችን አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላቸው፤ ልጃቸው ከሥራ ወጥቶ እስኪያነብላቸው መጠበቅ የለባቸውም።