ኢኮኖሚው ሲቀዘቅዝ ሥራን መያዝ፦ ከመንዝና ከመርሐቤቴ ደጋ አንጻር

በዶርምም ሆነ በካፌ ዘወትር የምናወራው ሥራ ስለ ማግኘት ነው። የተገኘውን ሥራ ስለ ማቆየት፣ እሱም ቢሄድ ባዶ እጅ ስላለመቅረት ግን ብዙም ስንነጋገር አይሰማም። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ሲባል በመማሪያ መጻሕፍት የምናነበው ፋብሪካ ሲዘጋና ሠራተኛ ሲቀነስ ነው። በኛ አካባቢ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ በሌላ በር ይገባል። አንደኛው በር ዋጋ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የመሐል ሜዳ መምህር ከሥራው አልተባረረም፣ ደመወዙም አልተቀነሰም፤ የሚገዛለት ነገር ግን አነሰ። የደመወዝ ማሻሻያው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዋጋ ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ገበያው አብሮ ሲዘጋ ያየን ሰዎች ይህን ለማስረዳት መጽሐፍ አያስፈልገንም።

ሁለተኛው በር ሩቅ አገር የሚወሰን ውሳኔ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም ጤና ሚኒስቴር ደመወዛቸው በዚያ ገንዘብ ይከፈል የነበረ ከ5,000 በላይ ሠራተኞችን ውል ለማቋረጥ ተገዷል። እነዚህ ሰዎች ሰነፎች ስለነበሩ አይደለም። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ወረዳዎች ደግሞ የፕሮጀክት ሥራ ለተመራቂ ትልቅ ተስፋ ነው። ፕሮጀክት ግን በባሕርይው የሚያልቅ ነገር ነው። በመርሐቤቴ የካርል ሃይንዝ በም ድርጅት፣ ሰዎች ለሰዎች፣ የሠራው ሆስፒታል ዓለም ከተማ ላይ አለ፤ የፕሮጀክቱ ቅጥር ግን ከፕሮጀክቱ ዕድሜ አያልፍም።

እዚህ ላይ የማውቀውን ልናገር። ከኛ ዲፓርትመንት ቀደም ብሎ የተመረቀ አንድ ልጅ መንዝ ውስጥ በአንድ ፕሮጀክት ለአራት ዓመት ሠራ። ደመወዙ በወር 9,000 ብር ነበር። ውሉ ገና ወራት ሲቀሩት ገንዘብ ቆመና አብዛኛው ሠራተኛ በአንድ ቀን ደብዳቤ ደረሰው። የድርጅቱን ስም ማንሳት አያስፈልግም። ልጁ የመጨረሻ ደመወዙን ተቀብሎ «ሌላ የምጠይቀው የለኝም» የሚል ወረቀት ሳያነብ ፈረመ። እንዲያው ምን ልበል፣ እኛም ብንሆን እንፈርም ነበር፤ አራት ዓመት ማኔጅመንት ስንማር የሥራ ስንብት ክፍያ አስልተን አናውቅማ።

ስሌቱ እነሆ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በቅነሳ ሲሰናበት ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህን ሲሶ ያገኛል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ስለዚህ ለልጁ 9,000 እና ሦስት ጊዜ 3,000፣ በድምሩ 18,000 ብር ይሆናል። ስንብቱ የሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ ወይም ድርጅቱ ጨርሶ ከተዘጋ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመራል፤ ይህም ሌላ 18,000 ነው። ለቅነሳ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባዋል። ልብ በሉ፣ ውሉ ጊዜው ደርሶ በራሱ ካለቀ ይህ ስሌት በቀጥታ አይሠራም፤ የመንግሥት ሠራተኛም የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው። ስለዚህ ሥራ ስንይዝ መጀመሪያ የምናየው ደመወዙን ሳይሆን የውሉን ዓይነት መሆን አለበት እላለሁ። ከስንብት የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ወደ ሥራ መልሱኝ የሚል ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር። የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት አሠሪው በነጻ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቢሮው ከተዘጋ በኋላ ግን ማን ማኅተም ይመታል? በሥራ ላይ ሳሉ በየዓመቱ መጠየቅ ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ግን ከጉዳቱ በኋላ ያለው ነው። በፊት ምን ይደረጋል ለሚለው ከመንዝ ገበሬ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም። በልግ ይቀራል፣ ገብሱን ውርጭ ይመታዋል፣ በረዶ ይወርዳል። ገበሬው ይህን ስለሚያውቅ በገብስ ብቻ አይተማመንም። በጉ ቁጠባው ነው፤ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ተሸጦ እህል ይገዛበታል። ጸጉሩ ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሠራበታል። ብርድ ገብሱን የሚጎዳውን ያህል የበርኖስን ፈላጊ ያበዛዋል! አንዱ ገቢ ሲወድቅ ሌላው አብሮት የማይወድቅ መሆኑ ላይ ነው ቁም ነገሩ። ብዙዎቻችን «ሁለተኛ ገቢ» ብለን የምንይዘው ግን ከመጀመሪያው ጋር አብሮ የሚወድቅ ነው። ለምሳሌ የፕሮጀክት ሠራተኛ ለፕሮጀክት ሠራተኞች ቤት ቢያከራይ ሁለቱም በአንድ ቀን ይቆማሉ።

የጓሳ ሜዳም አለ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ የኖረ ነው ይባላል። ሣሩ ለዓመታት ታጥሮ ይቆይና ሲደርስ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ በጋራ ይታጨዳል፤ ድርቅ ሲሆን የከብት መጠጊያ ነው። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ ኅብረተሰቡ በኋላ በኮሚቴ መልሶ አደራጀው፣ ክልሉም በ2012 እ.ኤ.አ. በሕግ እውቅና ሰጠው። ጓሳ የሚጠቅመው በደጉ ጊዜ ስለማይነካ ነው። ደመወዝተኛ የሦስት ወር ወጪውን ለብቻ ቢያስቀምጥ ማለፊያ ነው፤ በአሁኑ ኑሮ ግን በብር ብቻ ማስቀመጥ ዋጋውን ያሳጣል። እንግዲህ በግ መግዛት የሚችል ይግዛ።

ሌላው ሙያ ነው። በመንዝ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበሬዎች ተደራጅተው ምርጥ አውራ በግ በጋራ የሚመርጡበት የዝርያ ማሻሻያ ሥራ አለ። ይህ ሥራ የሚቆመው በመዝገብ ነው፦ ግልገሉ መቼ ተወለደ፣ አባቱ የቱ ነው፣ ጡት ሲጥል ስንት ኪሎ መዘነ። ይህን በትክክል መያዝ የሚችል የሒሳብና የማኔጅመንት ምሩቅ ለዩኒየኑም፣ ለማኅበሩም፣ ለነጋዴውም ይፈለጋል። ሰርተፍኬት ከማብዛት አንድ ሥራን ሌላ ቦታ በሚያስፈልግ መልኩ ማወቅ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ያ ልጅ አሁን መሐል ሜዳ ላይ ሙክት ለሚያደልቡ ሰዎች ሒሳብ በክፍያ ይይዛል። ደንበኞቹ ከሱ ጋር ያደረጉትን ስምምነት በሁለት ኮፒ ያስፈርማቸዋል፤ የራሱን ኮፒ በፌስታል ጠቅልሎ እናቱ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጣል።