ኬብሉ ይቅር ወይስ ይቆይ? ስለ ቤተሰብ ቴሌቪዥን የቀረበ ምክር

በአሜሪካ አገር፤ ይልቁንም በዋሽንግተንና በአጠገቧ ባሉት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከተሞች፤ ብዙ ወገኖቻችን ቤት ይዘው ልጅ እያሳደጉ ይኖራሉ። በነዚህ ቤቶች የወሩ ሒሳብ በሚታይበት ቀን ባልና ሚስትን የሚያከራክር አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ለብዙ ዘመን በኬብል ይመጣ የነበረውን ቴሌቪዥን አቁሞ፤ በኢንተርኔት በኩል በሚታየው፤ ስትሪሚንግ በሚባለው መተካት ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። ነገሩ ከሩቅ ለሚሰማው ሰው ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ቴሌቪዥኑ ያለበት ክፍል ቤተሰቡ ማታ ማታ የሚሰበሰብበት ስፍራ ስለ ሆነ፤ እርሱን መለወጥ የገንዘቡን አወጣጥ ብቻ ሳይሆን የቤቱንም አቀማመጥ ይለውጣል። ስለዚህ የቤት ባለቤቶች ሳይቸኩሉ እንዲመክሩበት ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

አስቀድሞ የሁለቱን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። የኬብል ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1948 ገደማ፤ በፔንሲልቬኒያና በኦሪገን በሚገኙ ትናንሽ ከተሞች ነው። ከሩቅ ከተማ የሚላከውን ሞገድ ተራራው ስለ ከለከለባቸው፤ ብልሆች የሆኑ ሰዎች በከፍታ ላይ አንቴና ተክለው ሥዕሉን በሽቦ ወደ የቤቱ ሳቡት። በ1972 ኤችቢኦ የተባለው ኩባንያ በልዩ ክፍያ ፊልም ማሳየት ጀመረ፤ በ1980ም ሲኤንኤን ሌሊትና ቀን የማይቋረጥ ዜና አመጣ። እንዲህ እያለ ሽቦው በብዙ ጣቢያዎች ተሞላ። ኔትፍሊክስ ግን በ1997 በካሊፎርኒያ ሲመሠረት ሥራው የፊልም ዲቪዲ በፖስታ እየላከ ማከራየት ነበር። በ2007 በኢንተርኔት ማሳየት ጀመረ፤ የፖስታውንም ሥራ በ2023 ፈጽሞ ተወ። የተመልካችን ቁጥር የሚከታተለው ኒልሰን እንዳስታወቀው፤ በጁላይ 2022 አሜሪካውያን ቴሌቪዥን ከተመለከቱበት ጊዜ 34.8 በመቶው በስትሪሚንግ፤ 34.4 በመቶው በኬብል ሆኖ ተገኘ። በሜይ 2025 ደግሞ ስትሪሚንግ 44.8 በመቶ ደርሶ ኬብልንና በአየር የሚሰራጨውን ቴሌቪዥን አንድ ላይ በለጣቸው።

የሁለቱን አሠራር በምሳሌ ብናስረዳ፤ ኬብል እንደ መስኖ ውሃ ነው። ጣቢያዎቹ የቤቱ ሰው ቢያያቸውም ባያያቸውም በሽቦው ይወርዳሉ፤ ዋጋውም የሚጠየቀው በጠቅላላው ነው። ስለዚህ አምስት ጣቢያ ብቻ የሚመለከት ቤት የመቶውን ጣቢያ ዋጋ ይከፍላል። ስትሪሚንግ ግን እንደ መልእክተኛ ነው፤ ተመልካቹ በጠየቀው ጊዜ የተጠየቀውን ብቻ ይዞ ይመጣል። ነገር ግን ሦስት ልጆች በሦስት ክፍል ሆነው ሦስት ልዩ ልዩ ፊልም ቢጠይቁ ሦስት መልእክተኞች በአንድ መንገድ ይጋፋሉና፤ መንገዱ፤ ማለት የኢንተርኔቱ መስመር፤ ሰፊ መሆን ይገባዋል። ኔትፍሊክስ ለጥሩ ሥዕል በሰከንድ 5 ሜጋቢት፤ እጅግ ለጠራው 15 ሜጋቢት ፍጥነት እንዲኖር ይመክራል። ጥሩው ሥዕል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት ስለሚፈጅም፤ ኢንተርኔት በልክ የሚሸጥለት ቤት ይህን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

መንገድ የሚጨናነቀው በቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። በኖቬምበር 15 ቀን 2024 ማይክ ታይሰንና ጄክ ፖል በቴክሳስ ቡጢ ሲጋጠሙ ኔትፍሊክስ ጨዋታውን በቀጥታ አሳየ። ከፍ ባለው ሰዓት 65 ሚሊዮን መስመር በአንድ ጊዜ ተከፍቶ እንደ ነበረ ኩባንያው አስታወቀ፤ ብዙ ተመልካቾች ግን ሥዕሉ እየቆመ አስቸገረን ብለው አማረሩ። ስለዚህ ቀጥታ ጨዋታ የሚወድ ቤተሰብ ይህን ሳያስብ ውሉን ማፍረስ አይገባውም።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል አባት፤ እናት፤ ሦስት ልጆችና አንዲት አያት የሚኖሩበትን ቤት እናስብ። የሒሳቡ ወረቀት ሲመጣ ለቴሌቪዥኑ ጥቅል 85 ዶላር፤ ለአካባቢ ጣቢያዎች 25፤ ለስፖርት 15፤ ለሁለት ሣጥኖች ኪራይ 20፤ ለኢንተርኔት 65፤ በድምሩ 210 ዶላር ይላል እንበል። እናትየዋ «ሲዋዋሉን ቴሌቪዥኑ 85 ነው ብለውን አልነበረምን?» ብትል እውነት አላት። እንዲህ ያለው ተቀጥላ ክፍያ ሕዝቡን ስላማረረው፤ የአሜሪካ የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን በማርች 2024 የኬብልና የሳተላይት ኩባንያዎች የቴሌቪዥኑን ዋጋ ከነተቀጥላው ደምረው በአንድ ቁጥር እንዲያሳውቁ ደንብ አወጣ።

ይህ ቤተሰብ ኬብሉን ቢያቆም፤ ሁለቱን አንድ ላይ በመግዛቱ ያገኝ የነበረው ቅናሽ ይቀርበትና ኢንተርኔቱ ብቻውን 80 ዶላር ይሆንበታል እንበል። ከዚያ ወዲያ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፤ አብዛኛዎቹን የኬብል ጣቢያዎች በኢንተርኔት የሚያሳይ አገልግሎት መያዝ ነው። ከነዚህ አንዱ የሆነው ዩቲዩብ ቲቪ በ2017 በ35 ዶላር ጀምሮ በጃንዋሪ 2025 በወር 82 ዶላር ከ99 ሳንቲም ገባ። ኔትፍሊክስም በዚያው ወር ማስታወቂያ የሌለበትን መደበኛውን አገልግሎት 17 ዶላር ከ99 ሳንቲም አደረገ። በዚያ ዋጋ ብንቆጥር ሁለቱ ከኢንተርኔቱ ጋር 180 ዶላር ከ98 ሳንቲም ይሆናሉ፤ የተረፈው 29 ዶላር ከ2 ሳንቲም ብቻ ነው። ሦስቱ ልጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ አገልግሎት ቢለምኑና እያንዳንዱ 15 ዶላር ቢሆን፤ ድምሩ 225 ዶላር ከ98 ሳንቲም ይደርስና ከቀድሞው ይበልጣል።

ሁለተኛው መንገድ ጠበብ ያለ ነው። ከጁን 12 ቀን 2009 ወዲህ በአሜሪካ ታላላቆቹ ጣቢያዎች በአየር የሚያሰራጩት በዲጂታል ስለ ሆነ፤ በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ሞገዱ በደኅና ከደረሰው በተራ አንቴና ኤቢሲን፤ ሲቢኤስን፤ ኤንቢሲን፤ ፎክስንና ፒቢኤስን ያለ አንዳች ወርኃዊ ክፍያ ያያል። ቤተሰቡ አንቴናውን አንድ ጊዜ በ40 ዶላር ቢገዛ፤ ኔትፍሊክስን ከነማስታወቂያው በ2025 ዋጋ በ7 ዶላር ከ99 ሳንቲም ቢይዝ፤ ሌላም አንድ የ15 ዶላር አገልግሎት ቢጨምር፤ ከኢንተርኔቱ ጋር በወር 102 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይከፍላል። በዓመት የሚተርፈው 1,284 ዶላር ከ12 ሳንቲም ነው፤ የአንቴናው ዋጋ ሲነሣለትም ከ1,244 ዶላር አያንስም። ይህ ገንዘብ አያቲቱ አገር ቤት ደርሰው እንዲመለሱ ለመሳፈሪያቸው ይረዳል።

ከዚህ ስሌት እንደምንረዳው፤ አዲሱ ነገር በራሱ ርካሽም ውድም አይደለም። ቀድሞ ኩባንያው በአንድ ጥቅል ይወስን የነበረውን አሁን የሚወስነው ቤተሰቡ ራሱ ነው። ቆጣሪ ያለው ቤት ይጠቀማል፤ ቆጣሪ የሌለው ቤት ግን አንዱን ትልቅ ቀዳዳ ደፍኖ ብዙ ትናንሽ ቀዳዳ ይከፍታል።

በሒሳቡ ወረቀት ላይ የማይጻፍ ሌላ ሒሳብም አለ። በምሳሌ ባነሣነው ቤት ያሉት አያት እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ነገር ግን የጣቢያዎቹን ቁጥር በቃላቸው ይዘዋል። በማለዳ ተነሥተው ስለ አየሩ ጠባይ የሚነገርበትን ጣቢያ ይከፍታሉ፤ በረዶ የጣለ እንደ ሆነ ልጃቸው መኪናውን ቀስ ብሎ እንዲነዳ ሊነግሩት ነው። ከሰዓት በኋላም የአራዊትን ኑሮ የሚያሳየውን ይመለከታሉ። ኬብሉ በቀረ ማግሥት ግን በእጃቸው የገባው ሪሞት ቁጥር የለበትም፤ በቴሌቪዥኑም ላይ ትናንሽ ሥዕሎች ተደርድረው ይጠብቋቸዋል። «ልጄ፤ እኔ ቁጥሩን ነበር የማውቀው፤ አሁንስ በየት ልግባ?» ይላሉ። ልጃቸውም «እማማ፤ ትንሽ ይቆዩኝ፤ ማታ ስገባ አሳይዎታለሁ» ብሎ ወደ ሥራው ይሮጣል። እርሳቸውም ቀኑን ሙሉ በጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣሉ። በወር መቶ ዶላር ለማትረፍ ሲባል እናትን በቤቷ እንግዳ ማድረግ ጥሩ ንግድ አይደለም።

የሚያሳዝነውም ነገር፤ በዚያው በጠፋው ቴሌቪዥን ውስጥ ለእርሳቸው ከቀድሞው የሚሻል ነገር መኖሩ ነው። ኬብሉ የማያመጣላቸው ከአዲስ አበባ የሚተላለፈው የአማርኛ ዜናና ድራማ በዩቲዩብ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል። የጎደለው በሩን የሚከፍትላቸው ሰው ብቻ ነው። ታላቂቱ የልጅ ልጅ አንድ ቅዳሜ ተቀምጣ እርሳቸው የሚወዷቸውን ሦስቱን ከሁሉ ፊት ብታስቀድም፤ በወረቀትም ላይ በአማርኛ «አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፤ ዜና፤ ሁለት ጊዜ ወደ ቀኝ፤ የአየር ጠባይ» ብላ በጉልህ ጽፋ በወንበራቸው አጠገብ ብትለጥፍ፤ በሳምንት ውስጥ ይለምዱታል። ይህ ሥራ ኬብሉ ከመቆሙ በፊት እንጂ ከቆመ በኋላ መሆን የለበትም።

ሌላው ጉዳይ የልጆቹ ነው። ሣጥኑ አንድ በነበረ ጊዜ ምን እናያለን የሚለው ክርክር ራሱ ልጆቹን ከወላጆቻቸው ጋር ያስቀምጣቸው ነበር። አሁን ግን ሁሉም በየስልኩና በየክፍሉ የወደደውን ስለሚያገኝ ክርክሩ ይቀራል፤ ከክርክሩም ጋር ጨዋታው ይቀራል። በኦገስት 10 ቀን 2024 ታምራት ቶላ በፓሪስ ኦሊምፒክ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ የኦሊምፒኩን ክብረ ወሰን ሲሰብር፤ በፓሪስ ረፋድ ሲሆን በዋሽንግተን ገና ሌሊት ነበር። ውድድሩ የተጀመረው በዋሽንግተን አቆጣጠር ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሁለት ሰዓት ነው። ፒኮክ የተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት የፓሪሱን ውድድር ሁሉ በቀጥታ ስላሳየ፤ የፈለገ ሰው በአልጋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ ሊያየው ይችል ነበር። ነገር ግን ልጆቹን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ፤ ቡና አስፈልቶ፤ ከአያት ጋር በአንድ ክፍል ሆኖ የተመለከተ ቤትና እያንዳንዱ ለብቻው የተመለከተ ቤት አንድ ዓይነት ሌሊት አላሳለፉም። ለሁለቱም የመጣው ሥዕል አንድ ነበር፤ የተለየው የቤቱ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ ቤተሰብ እንዲህ አድርጎ ቢመክር መልካም ይመስለናል። በመጀመሪያ፤ ለአንድ ወር ያህል እያንዳንዱ ሰው በእውነት የተመለከተውን በአንድ ደብተር ይጻፍ፤ እወደዋለሁ የሚለውንና የተመለከተውን ደብተሩ ይለይለታል። ሁለተኛ፤ ከኬብል ኩባንያው ጋር ያለው ውል መቼ እንደሚያልቅና አስቀድሞ ማፍረስ ቅጣት እንዳለበት ይመርመር፤ ኢንተርኔቱም ብቻውን ስንት እንደሚሆን በጽሑፍ ይጠየቅ። ሦስተኛ፤ አንቴናው ተገዝቶ ኬብሉ ሳይቆም ይሞከር፤ ቤቱ ያለበት ቦታ ሞገድ የማይደርሰው ከሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል። አራተኛ፤ ከቤት ርቆ በኮሌጅ የሚማር ልጅ ካለ፤ ኔትፍሊክስ ከሜይ 2023 ጀምሮ በአሜሪካ አንዱን ደንበኝነት ከአንድ ቤት ውጭ ለሚኖር ሰው ማካፈልን ስለ ከለከለና ለተጨማሪው ሰው ክፍያ ስለ ጠየቀ፤ ይህም በሒሳቡ ይግባ። አምስተኛ፤ አገልግሎቶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመያዝ አንዱን ሁለት ወር አይቶ፤ አቁሞ፤ ወደ ሌላው መሻገር ይቻላልና፤ የሚያዝበትንና የሚቆምበትን ቀን የሚመዘግብ አንድ ሰው ከቤቱ ይሾም። ሣጥኖቹ ሲመለሱም ደረሰኝ ተቀብሎ ማኖር ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።

በመጨረሻም ከሳምንቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ማታ ስልክ ሁሉ ወደ ጎን ተቀምጦ፤ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል አንድ ነገር የሚመለከትበት ቀን ይሁን፤ ምርጫውም በተራ ይሁን፤ ተራውም ከአያት ይጀምር።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው። ደብተሩ ተጽፎ፤ ቆጣሪው ተሾሞ፤ የጋራው ማታ ተወስኖ ከሆነ ኬብሉን ማቆም ለአብዛኛው ቤት ይጠቅማል። ይህ ሳይሆን ግን ለውጡን አንድ ወር ማዘግየት ይሻላል፤ የአንድ ወር ሒሳብ ቢበዛ 210 ዶላር ነው። ሣጥኑም ወደ ኩባንያው የሚመለስበት ትክክለኛ ቀን፤ አያቲቱ ማንንም ሳይጠሩ በራሳቸው እጅ የአየሩን ጠባይ ከፍተው «ልጄ፤ ዛሬ በረዶ አለና ቀስ ብለህ ንዳ» ያሉበት ቀን ይሁን ብለን እንመክራለን።