ብረት የሚፈልገው፣ ድንጋይ የማይችለው ቀለም

በንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዘመን እንደተሠራች ወደሚነገርላት አሸተን ማርያም ዳገቱን የሚወጣ ሰው ቁልቁል ወደ ላሊበላ ሲያይ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ከዓለት በተፈለፈሉት አንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የተተከሉት ነጫጭ መጠለያዎች ዓይኑን ይይዙታል። በየብረት ምሰሶዎቹ ሥር ደግሞ ዓለት አለ። ቀለም ለሁለቱ አንድ አይደለም።

ብረት የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን አብረው ሲያገኙት ነው፤ ለብረት የሚሠራ ቀለም ይህን መንገድ ይዘጋል። ጥሩ ቀቢ ትልቁን ድካሙን የሚጨርሰው ጣሳውን ከመክፈቱ በፊት ነው። ቅባቱን ያጥባል፤ ዝገቱንና ከፋብሪካ የመጣውን ጥቁር ቅርፊት በግፊት በሚረጭ አሸዋ ወይም ደቃቅ የብረት ጠጠር ይገፋል። መሣሪያው ከሌለ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ይታገላል። ዝገት ላይ የተቀባ ቀለም ከዝገቱ ጋር ይረግፋልና ይህን ደረጃ የሚያሳጥር ሥራ ተቋራጭ ገንዘብ አላዳነም።

ከዚያ የመጀመሪያው እጅ ዚንክ የበዛበት ቀለም ነው፤ ዚንኩ ለብረቱ ተተክቶ እሱ ይበላል። ሁለተኛው ወፍራም ኢፖክሲ ውሃን ይመክታል። ኢፖክሲ ግን ፀሐይ ሲበዛበት ዱቄት ይሆናል፤ ላሊበላ ያለችበት የላስታ ደጋ ፀሐይ ደግሞ ብርቱ ስለሆነ በላዩ ፖሊዩረቴን ይደረባል። ሦስቱ ተደምረው ብዙውን ጊዜ ከሚሊሜትር ሢሶ አይበልጡም። ፈሳሽ ቀለም ከሹል ጠርዝና ከብየዳ ጉብታ ላይ ስለሚሸሽ፣ እነዚህ ቦታዎች አስቀድመው በብሩሽ ይቀባሉ። ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ማለዳ ብረት ላይ ጤዛ አለ፤ ስለዚህ የብረቱ ሙቀት ጤዛ ከሚያዝበት ሙቀት ቢያንስ በ3 ዲግሪ እስኪበልጥ ይጠበቃል።

ለብረት መዳኛ የሆነው ይህ መዝጋት ነው ዓለቱን የጎዳው። በ1954 እ.ኤ.አ. ገደማ በተካሄደ እድሳት በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ሬንጅ ተቀባ፤ በላዩም ቀላ ያለ ቀለም ተደረበ። ሐሳቡ ክረምቱን መከላከል ነበር፤ ቅንነቱን አልጠራጠርም። ግን የላሊበላ ዓለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ውሃ ከመሠረቱም ከስንጥቁም ይገባዋል። ገጹ በሬንጅ ሲታፈን ያ እርጥበት በጋ ሲመጣ መተንፈሻ ያጣል፤ ድንጋዩን ከውስጥ እያላላ ልጣጩን ይገፋል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራ ቡድን ሽፋኑን ሲያነሣ ዓመታት የፈጀ ጥንቃቄ አስፈልጎታል።

ዛሬም ዓለቱን የሚያጠነክር አዲስ ፈሳሽ ይቀርብ ይሆናል። አቅራቢው ውሃ ስለመከልከሉ ከመናገሩ በፊት እንፋሎት ስለማሳለፉ ይጠየቅ። ሙከራውም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከዚያው ዓለት በተፈለጠ ተራ ድንጋይ ላይ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ ክረምትና አንድ ሙሉ በጋ ይሁን።