ሚዛኑ ዝም ሲል
ክብደት መቀነስ ጀምረው ለውጡ አልታይ ላላቸው ባለትዳሮች

የሻይዎን ስኳር ቀንሰዋል፤ የማታውን እንጀራ ከባለቤትዎ ጋር ተመካክረው አሳንሰዋል፤ ጠዋት ጠዋትም በእግር መሄድ ጀምረዋል። ሦስት ሳምንት አለፈ። ሚዛን ላይ ሲወጡ ግን ቁጥሩ ያው ነው፤ ይባስ ብሎም ግማሽ ኪሎ ጨምሮ ይጠብቅዎታል። «እንግዲህ የእኔ ሰውነት ተፈጥሮው ነው» ብለው ወደ ቀድሞው ልማድዎ ሊመለሱ አስበው ይሆን? እባክዎ ከመመለስዎ በፊት ይህችን ጽሑፍ ያንብቡ። ምናልባት የዘገየው ለውጡ ሳይሆን መለኪያው ሊሆን ይችላል።

ክሳት በሚያሳዝንበት አገር

እስቲ ነገሩን ከንፋስ መውጫ እንጀምረው። ንፋስ መውጫ ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው የቻይና መንገድ ላይ፣ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የላይ ጋይንት ከተማ ናት። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ገበሬ ገብሱንና ድንቹን ለማምረት፣ ገበያም ለመውጣት ዳገትና ቁልቁለቱን በእግሩ የሚጨርስ ሰው ነው። ለእርሱ ውፍረት ችግሩ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. በተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ላይ ጋይንትም ይገኝበታል፤ ስለዚህ በአካባቢው የብዙ ቤተሰብ ጭንቀት ትርፍ ምግብ ሳይሆን የምግብ እጥረት ነበር።

በዚያው ከተማ ግን እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ ቀኑን ሙሉ ቢሮ የሚቀመጥ ሠራተኛ፣ ከሱቁ የማይወጣ ነጋዴ፣ ከመሪው የማይለይ ሾፌር አለ። «ደም ግፊት አለብዎት፣ ክብደት ይቀንሱ» የሚባለውም ይኸው ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሁለቱን ገጽታ በአንድ ላይ ያሳየናል። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች 22 በመቶ ከሚገባው በላይ የቀጠኑ ሲሆኑ 8 በመቶ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ ነበሩ።

የ1977ቱን ድርቅ ያዩ አባቶችና እናቶች ባሉበት አገር «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ማለት ምርቃት ነው። «ከሳህ» ማለት ደግሞ ሐዘኔታ ነው፤ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ባልተስፋፋበት ዘመን ክሳት ምን ያስጠረጥር እንደ ነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ስለዚህ ክብደት የሚቀንስ ሰው ሁለት ፈተና አለበት። አንደኛ፣ ለውጡ ለራሱ አይታየውም። ሁለተኛ፣ ለውጡ ለሰው መታየት ሲጀምር ጎረቤት «እታለም፣ ምነው ከሳሽብኝ?» ብላ ታዝንለታለች እንጂ «ጎሽ» አትለውም። ብዙ ሰው ጥረቱን የሚተወው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ሚዛኑ ለምን ይዘገያል?

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር ሕመም የተቃረቡ 3,234 ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ክፍል ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተደረገ። እነዚህ ሰዎች በአማካይ የቀነሱት 5.6 ኪሎ ብቻ ነበር። ነገር ግን ምንም መድኃኒት ከሌለው ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ጋር ሲነጻጸሩ በስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ! ለጤና የሚበጀው ለውጥ ሰው ከሚያስበው ያነሰ መሆኑን ልብ ይበሉ።

80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 7 በመቶ ይቀንስ ቢባል 5.6 ኪሎ ይሆናል። ይህን በስድስት ወር ቢያደርገው በሳምንት የሚቀንሰው 215 ግራም ያህል ነው፤ ሩብ ኪሎ ቅቤ እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ አንድ ሊትር ውኃ ሲጠጡ ሚዛኑ ወዲያው አንድ ኪሎ ይጨምራል። ጨው የበዛበት ወጥ ከበሉ ሰውነትዎ ውኃ ይይዛል። እህቶች የወር አበባ ሲቃረብ እንዲሁ ይሆናሉ። በንፋስ መውጫ ብርድ ጋቢ ደርበው፣ ጫማ ሳያወልቁ ከተመዘኑ ደግሞ ልብስዎ ብቻውን ከኪሎ በላይ ነው። እንግዲህ በሳምንት 215 ግራም የሚሄድ ለውጥ፣ በቀን አንድና ሁለት ኪሎ ከሚዋዥቅ ቁጥር በታች ቢሸሸግ ምን ያስደንቃል?

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት ክብደት ቶሎ የሚወርደው ሰውነት ያከማቸውን ስኳርና ከእርሱ ጋር የያዘውን ውኃ ስለሚለቅ ነው። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ከወራት በኋላም፣ የቀለለ ሰውነት የሚፈልገው ምግብ ስለሚያንስ፣ ጭራሽ የቆመ ይመስላል። ይህ ሽንፈት አይደለም። የቀነሱትን መልሰው ሳይጨምሩ መቆየትዎ ራሱ ድል ነው።

ሌሎቹን ምስክሮች ይጥሩ

ሚዛኑን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ ጠዋት፣ ቁርስ ሳይበሉ፣ በቀላል ልብስ፣ ሁልጊዜም በዚያው በአንዱ ሚዛን ይጠቀሙ። የሚያነጻጽሩትም የዛሬውን ከትናንቱ ሳይሆን የዚህን ወር ካለፈው ወር ጋር ይሁን። ከዚህ ጋር አራት ምስክሮች ይጨምሩ።

አንደኛው ክር ነው። አየር ካስወጡ በኋላ ክሩን በወገብዎ ዙሪያ በእምብርት ደረጃ ይለኩና ይቋጥሩት። በየወሩ በዚያው ክር ላይ አዲስ ቋጠሮ ይጨምሩ። ሚዛኑ ዝም ባለበት ወር ቋጠሮው ሁለት ጣት ገባ ብሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ሜትር ካለዎት፣ ወገቡ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ መጠንቀቅ እንደሚገባ ባለሙያዎች ይመክራሉ።

ሁለተኛው ዳገቱ ነው። የሚያውቁትን አንድ ዳገት ይምረጡ። ዛሬ ስንት ጊዜ ቆመው ተነፈሱ? ከአንድ ወር በኋላስ?

ሦስተኛው ጤና ጣቢያው ነው። የደም ግፊትና የደም ስኳር መጠን፣ ክብደት ብዙም ሳይወርድ ሊሻሻል ይችላል።

አራተኛው ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ነው። የሄዱበትን ቀን ምልክት ያድርጉበት። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር በእጅዎ አይደለም፤ ዛሬ ግማሽ ሰዓት መሄድ ግን በእጅዎ ነው።

ስኳሩንም ያስሉት። በቀን አምስት ሻይ በሦስት ሦስት ማንኪያ ስኳር ከጠጡ 15 ማንኪያ፣ ማለትም 60 ግራም ያህል ይሆናል። በወር ወደ 1 ኪሎ ከ800 ግራም ስኳር ማለት ነው። በየሻዩ አንድ ማንኪያ ብቻ ቢያደርጉት ከወር ውስጥ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ያስቀራሉ። ይህን ማንም አያይልዎትም፤ ቢሆንም እውነተኛ ለውጥ ነው።

ባልና ሚስት

በቤታችን ፍቅር የሚገለጸው በማዕድ ነው። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያልን እናጎራርሳለን። ይህን መልካም ልማድ መተው አያስፈልግም፤ ጉርሻዋን ግን ማሳነስ ይቻላል። አንዱ ለጤናው ሲጣጣር ሌላው ቅቤውንና ዘይቱን እንደ ቀድሞው የሚያዝ ከሆነ ግን ያ ቤት ሁለት አቅጣጫ ይጎትታል።

ባሎች ሆይ፣ በሚስትዎ ሰውነት አይቀልዱ፤ በተለይ ከወሊድ በኋላ የተነገረች አንዲት ቀልድ ለዓመታት ትቆያለች። እህቶችም የባልን ቦርጭ በእንግዳ ፊት ከማንሳት ይቆጠቡ። ፍጥነታችሁንም አታወዳድሩ፤ ብዙውን ጊዜ ወንድ ቶሎ ይቀንሳል፤ ይህ ማለት ሴቷ ሰንፋለች ማለት አይደለም። ይልቁንም ያላየውን ለውጥ ንገሩት፤ «ትናንት ዳገቱን ሳትቆም ወጣህ» የሚል የትዳር ጓደኛ ከማንኛውም ሚዛን ይበልጣል። ከእሑድ አምልኮ በኋላ «ምነው ከሳችሁ?» ለሚሉ ወዳጆችም አብራችሁ መልስ ያዙ፦ «ደኅና ነን፤ በሐኪም ምክር ሆን ብለን ነው»።

ሳይፈልጉት ከከሱ ግን

ክሳት ሁሉ መልካም አይደለም። በጎንደር የሚሠሩ ሐኪሞች ለብዙ ዓመታት በገጠር ቀጭንና ድሃ የሆኑ የስኳር ሕመምተኞችን ሲያክሙ ኖረዋል፤ ይህንም እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት አሳውቀዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን ይህን ዓይነት ሕመም ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» ሲል እውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ ሳይጥሩ እየከሱ ውኃ የሚያስጠማዎትና ሽንት የሚያበዛብዎት ከሆነ፣ ወይም ሳልና የሌሊት ላብ ካለብዎት፣ ፈጥነው ይመርመሩ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ያለ ሐኪም ምክር ክብደት ለመቀነስ አትሞክር። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ጾም ጸሎት ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ውድ ባለትዳሮች፣ ዛሬ ማታ ተቀምጣችሁ ለሦስት ወር ተስማሙ። ክሩን ቋጥሩ፣ ካላንደሩን ስቀሉ፣ ዳገቱን ምረጡ። ሦስቱ ወር እስኪሞላ ድረስ ግን ፍርዱን ለሚዛኑ ብቻ አትስጡት። ጌታ ያበርታችሁ!