የማይፈርም ንጉሥ

በስዊድን ፓርላማ ያጸደቀው ሕግ ለፊርማ ወደ ቤተ መንግሥት አይላክም። ንጉሥ ካርል 16ኛ ጉስታፍ አይፈርሙበትም፤ ስለዚህ «አልፈርምም» የሚሉበት ዕድልም የላቸውም። ጠቅላይ ሚኒስትር አይሾሙም፣ ፓርላማ አይበትኑም፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥም አይደሉም። በእንግሊዝ ሥልጣኑ በንጉሡ ስም ይሠራበታል፤ የሚያዝዙበት ግን ሌሎች ናቸው። ስዊድኖች ስሙንም ወስደውታል።

ዘውድ ከዴሞክራሲ ጋር አብሮ ይኖራል ወይ የሚለው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ለንደንን ነው። እኔ ግን ጥያቄው ጠርቶ የሚታየው ስቶክሆልም ላይ ይመስለኛል፤ ከዘውዱ ላይ የሚገፈፈው ተገፎ ሲያልቅ የሚቀረው ነገር እዚያ አለና።

የ1809ኙ ሕገ መንግሥት (የአውሮፓ ጉዳይ ሲነሣ ዘመኑ በእነሱ አቆጣጠር ነው) አገሪቱን የሚገዛው ንጉሡ ብቻ ነው ይል ነበር። ቃሉ ከ160 ዓመት በላይ ሳይሻር ቢቆይም ሥልጣኑ ግን ቀስ በቀስ ከእጁ ወጣ። በ1914 ጉስታፍ 5ኛ፣ ለመከላከያ የሚወጣው ገንዘብ አነሰ ብለው ስቶክሆልም ለገቡ ከ30,000 በላይ ገበሬዎች በቤተ መንግሥቱ ግቢ የገዛ መንግሥታቸውን የሚቃወም ንግግር አደረጉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ካርል ስታፍ ሥልጣን ለቀቁ፤ ያን ጊዜ ያሸነፉት ንጉሡ ነበሩ። ድሉ ግን ዕድሜ አልነበረውም። በ1917 ንጉሡ ራሳቸው በፓርላማ አብላጫ የቆመ መንግሥት ተቀበሉ።

ሶሻል ዴሞክራቶቹ ሪፐብሊክን በፕሮግራማቸው ከጻፉ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አሥርተ ዓመታት ገዝተዋል፤ ዘውዱን ግን አልነኩትም። ንጉሥ የሚወድ መራጭ ማስቀየም ያዋጣል ብለው አላሰቡም መሰለኝ። በ1971 ቶሬኮቭ በምትባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ አራት ፓርቲዎች ተስማሙ፤ ንጉሡ ይቆዩ፣ ሥልጣኑ ይሂድ። ስምምነቱ በ1974 ሕገ መንግሥት ሆኖ ጸደቀ፤ ከጥር 1 ቀን 1975 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

1974 ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሌላ ትዝታ ይቀሰቅሳል። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የሚገድብ ረቂቅ ሕገ መንግሥት ተሰናድቶ ነበር። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም አፄ ኃይለ ሥላሴን ሲያወርድም ዘውዱን ወዲያው አልጣለውም። ለሕክምና ውጭ አገር የነበሩት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ተመልሰው እንደሚነግሡ፣ በአስተዳደርና በፖለቲካ ግን ሥልጣን እንደማይኖራቸው አወጀ። በወረቀት ላይ እንግዲህ ለስድስት ወር ያህል የስዊድን ዓይነት ንጉሥ ነበረን። ልዑሉ አልተመለሱም፤ መጋቢት 1967 ዓ.ም ዘውዱ ራሱ ተሻረ። ለእኔ ልዩነቱ ያለው ከአንቀጹ ሳይሆን ከወሳኙ ላይ ነው፤ ስቶክሆልም ላይ የንጉሡን ሥልጣን የወሰደው ፓርላማው ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ግን በዚያው አዋጅ ፓርላማውም ተበተነ።

የስዊድን ንጉሥ ያስረከቡትን ሥራ የያዘው አፈ ጉባኤው ነው። ከምርጫ በኋላ የፓርቲ መሪዎችን ያነጋግራል፣ ዕጩ ጠቅላይ ሚኒስትር ያቀርባል፣ የተመረጠውንም ሰው የሹመት ደብዳቤ ይፈርማል። ከ349ኙ የፓርላማ አባላት 175ቱ ካልተቃወሙት ዕጩው ያልፋል፤ አራት ዕጩ ከወደቀ ሕዝቡ እንደገና ይመርጣል። በ2018 ይህ አሠራር በደንብ ተፈትኗል። አፈ ጉባኤ አንድሬያስ ኖርሌን መጀመሪያ ኡልፍ ክሪስተርሾንን፣ ቀጥሎ ስቴፋን ሎቬንን አቀረቡ፤ ሁለቱም ወደቁ። ከምርጫው አራት ወር አልፎ ሎቬን ዳግም ቀርበው አለፉ። ንጉሡ በነገሩ የገቡት ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ የመንግሥት ለውጥ መደረጉን በሚያበስረው ስብሰባ ላይ በሰብሳቢነት ለመቀመጥ ብቻ ነበር።

ፖለቲከኞች ሲጣሉ ከፓርቲ በላይ የሆነ ሽማግሌ ያስፈልጋል የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይላላል። በቤልጅየም ንጉሡ አስታራቂዎችን በየተራ እየሾሙ እንኳ ከ2010 ምርጫ በኋላ መንግሥት ለማቆም 541 ቀን ፈጅቷል። ብዕር የያዘ ንጉሥ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። የዚያችው አገር ንጉሥ ቦድዋን በ1990 የፅንስ ማቋረጥ ሕግ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም ብለው ስላልፈረሙ፣ ሚኒስትሮቹ «ንጉሡ መንገሥ አልቻሉም» ብለው ሕጉን ራሳቸው አወጡ፤ ንጉሡም ወዲያው ወደ ሥልጣናቸው ተመለሱ። በ2008 የሉክሰምበርጉ ግራንድ ዱክ ሄንሪም በተመሳሳይ ምክንያት አንድ ሕግ አላጸድቅም ሲሉ ፓርላማው ሕጎችን የማጽደቅ ሥልጣናቸውን ከሕገ መንግሥቱ ፋቀው።

በተቃራኒው የሚቆም ጠንካራ ምሳሌ የስፔን ነው። በየካቲት 1981 ወታደሮች ፓርላማውን በመሣሪያ ሲይዙ ንጉሥ ኹዋን ካርሎስ የጠቅላይ አዛዥነት ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡ፤ ጦሩም ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ይህን ማቃለል አይቻልም። ነገር ግን ዴሞክራሲውን ያዳነው የአንድ ሰው ውሳኔ ነው፤ ያው ሥልጣን ሌላ ውሳኔ በሚወስን ሰው እጅ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር?

ለካርል ጉስታፍ የቀረላቸው አንደበት ነው። በ2004 መጨረሻ በእስያ የደረሰው ሱናሚ ከ500 በላይ ስዊድናውያንን ሲገድል፣ መንግሥት ዘገየ ተብሎ በሚወቀስበት ሰሞን የንጉሡ የሐዘን ንግግር አገሩን አጽናና። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ደግሞ ብሩናይ ሄደው ሱልጣኑ ለሕዝባቸው ቅርብ እንደሆኑ፣ አገራቸውም ክፍት እንደሆነች ተናግረው ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሟቸዋል። የሚናገሩት እኚሁ አንድ ሰው ናቸው፤ ንግግራቸው ሲበላሽም በምርጫ የሚያወርዳቸው የለም፣ ለፈጸሙት ድርጊትም በፍርድ ቤት አይከሰሱም።

ዜጋው ከዚህ ዘውድ የሚደርስበት በደል አነስተኛ ይመስለኛል። የሚከብደው በዘውዱ ውስጥ ለሚወለደው ሕፃን ነው። የ1810ሩ የዘውድ ውርስ ሕግ ዛሬም አልጋው የሚደርሰው ልጅ ስዊድን ውስጥና በሉተራውያን እምነት እንዲያድግ ያዛል፤ እምነቱን የለወጠ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ያገባም ውርሱን ያጣል። የሃይማኖት ነፃነት ለሁሉም በሆነባት አገር ይህ ነፃነት በሕግ የታጠረበት አንድ ቤተሰብ አለ ማለት ነው። ልጅቷም ልጁም እኩል ይውረሱ የሚለው ማሻሻያ በ1980 ሥራ ላይ ሲውል፣ በግንቦት 1979 አልጋ ወራሽ ሆኖ የተወለደው ካርል ፊሊፕ ማዕረጉ በሰባት ወሩ ወደ እኅቱ ቪክቶሪያ ዞረ። አባታቸው ለውጡ ወደኋላ ሄዶ መሥራቱን አልወደዱትም ነበር።

በጥቅምት 2019 ንጉሡ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ከንጉሣዊው ቤት አባልነት አወጡ፤ የቪክቶሪያ ልጆች ኤስቴልና ኦስካር ብቻ ቀሩ። ካርል ፊሊፕና ባለቤታቸው ሶፊያ ልጆቻቸው ወደፊት በነፃነት የሚመርጡት ሕይወት እንደሚኖራቸው ገልጸው በውሳኔው መደሰታቸውን በኢንስታግራም ጻፉ።