ልጆችን ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ባህር ዳርቻ፦ ከጆሮ ሕመም እስከ ወባ

ሰኔ እያለቀ ነው፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው፣ በውስጥ መስመር የሚደርሱኝ ጥያቄዎችም መልካቸውን ቀይረዋል። "ዶክተር፣ ልጆቹን ይዘን ለመጀመሪያ ጊዜ ሞምባሳ ልንሄድ ነው፣ ትንሿ ገና 8 ወሯ ነው፣ ምን መድኃኒት ልያዝ?" "ዛንዚባር ልንሄድ ነው፣ አውሮፕላን ላይ ጆሮውን ቢያመውስ?" የመሳሰሉት። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ስለ ሆቴልና ዋጋ አትጠይቁኝ፣ እሱን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

በጆሮው እንጀምር፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ የሚፈራው እሱን ነው። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ያለው አየር ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚገናኘው በአንዲት ቀጭን ቱቦ ነው። የልጆች ቱቦ ደግሞ ከእኛ ይልቅ ጠባብና አግድም የተኛ ነው። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል ጆሮ ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና በራሱ ይወጣል። ዝቅ ሲል ግን የውጪው ግፊት ስለሚጨምር አየር ወደ ውስጥ መግባት አለበት፣ ቱቦዋ ደግሞ ትጣበቃለች። ልጁ የሚጮኸው ታምቡሩ ወደ ውስጥ ስለሚሳብ ነው። ቱቦዋን የሚከፍታት መዋጥ ነው።

አሁን ለእኛ ለአዲስ አበባ ሰዎች የተለየ ነገር አለ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር በባህር ጠለል ልክ አይደለም የሚያዘው። በአብዛኛው ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሰው የሚያገኘውን ያህል ነው። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ያለው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው! ስለዚህ ከቦሌ ስትነሱ የልጃችሁ ጆሮ ብዙም ለውጥ አይሰማውም፣ "እሰይ ተገላገልን" ትላላችሁ። ለውጡ በሙሉ ተጠራቅሞ የሚመጣው ወደ ባህሩ ስትወርዱ ነው። ስትመለሱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ከሞምባሳ ስትነሱ አየሩ በቀላሉ ይወጣል፣ ቦሌ ስታርፉም ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ መመለሻው ይቀላል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለሚመጡ ዘመዶቻችሁም ይህንኑ ንገሯቸው፣ የእነሱ ልጆች አስቸጋሪ ሰዓት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው።

እንግዲህ ጡት ወይም ጡጦ የሚቀመጠው ለመውረጃው ነው። ብዙ እናቶች ሲነሱ አጥብተው ይጨርሱና ልጁ ጠግቦ ተኝቶ ይወርዳል። ተኝቶ ደግሞ በደንብ አይውጥም። አብራሪው መውረድ ጀምረናል ሲል፣ ከማረፉ 20 እና 30 ደቂቃ በፊት ገደማ ማለት ነው፣ ብታሳዝናችሁም ቀስቅሷት፣ ቀና አድርጋችሁ አጥቧት። ከፍ ላሉት ውሃ በስትሮ ትንሽ ትንሽ ማስጠጣት በቂ ነው። ማስቲካና ደረቅ ከረሜላ ከ4 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። ቆሎና ኦቾሎኒም እንደዚያው፣ ትንታ አየር ላይ እንዲገጥማችሁ አትፈልጉም። ካለቀሰ ያልቅስ፣ ማልቀስም ቱቦውን ይከፍተዋል። የጎን ተሳፋሪውን ፊት አትዩ። አፍንጫው የተደፈነ ልጅ ከሆነ ከመውረዱ በፊት የጨው ውሃ ጠብታ አድርጉለት። ጆሮውን የሚያመው፣ መግል የሚፈሰው ወይም ትኩሳት ያለው ልጅ ግን ከጉዞው በፊት መታየት አለበት።

"በረራው ላይ እንዲተኛልኝ ሲረፕ ስጠኝ" ለምትሉ መልሴ አልሰጥም ነው። ለዚህ ከሚጠየቁት አንዱ የሆነው ፕሮሜታዚን ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ጨርሶ ክልክል ነው፣ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። ሌሎቹ የአለርጂ ሲረፖችም አንዳንዱን ልጅ በማስተኛት ፈንታ ጭራሽ ያቅበጠብጡታል። ሦስት ሰዓት እንኳን ለማይሞላ በረራ ምን አስጨነቃችሁ?

ከመሄዳችሁ በፊት ቢጫ ካርዱን አትርሱ። ኬንያም ታንዛኒያም (ዛንዚባርን ጨምሮ) ከኢትዮጵያ ለሚሄድ፣ ዕድሜው 1 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ካርዱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፣ ስለዚህ በዋዜማው መሮጥ አይሠራም። አንዴ ከተከተባችሁ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይከተብም፣ በአብዛኛው ከ9 ወር ጀምሮ ነው የሚሰጠው። ከ6 ወር በታች ሕፃን የምታጠቡ እናቶች ደግሞ ራሳችሁ ከመከተባችሁ በፊት ለባለሙያው ተናገሩ፣ ይሄ ክትባት ለየት ያለ ጥንቃቄ አለው። የልጁ መደበኛ ክትባት (በተለይ የ9 እና የ15 ወር ኩፍኝ) መሟላቱንም በዚያው አስታይዋቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እስካሁን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ስለ ውሃው የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ሁሉም ስለ ጆሮ፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ክሬም ነው። እኔን ግን የሚያሰጋኝ ውሃው ነው። ባህር በሌለው አገር ነው ያደግነው፣ አብዛኞቻችን ዋና አንችልም፣ ልጆቻችንም ፍርሃቱን አያውቁትም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2021 እ.ኤ.አ. 300 ሺህ ያህል ሰዎች ሰምጠው ሞተዋል፣ ሩብ የሚጠጋው ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው።

መስጠም ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። የሚሰምጥ ልጅ እጁን አያወዛውዝም፣ "እማዬ" ብሎ አይጣራም። አፉ ውሃ ውስጥ ነው፣ ለመጮህ አየር የለውም። ዝም ብሎ ነው የሚገባው፣ ያውም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ። ለመስጠምም ጥልቅ ውሃ አያስፈልገውም፣ ለእናንተ ጉልበት የማይደርሰው ለሁለት ዓመት ልጅ ከበቂ በላይ ነው። የሆቴሉ መዋኛ ገንዳም ከባህሩ አያንስም። እንዲያውም ሻንጣ እያስገባችሁ፣ ቁልፍ እየተቀበላችሁ ሳለ ልጁ ቀድሞ የሚሮጠው ወደዚያ ነው።

ስለዚህ ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ውሃ አጠገብ ሲሆን እጃችሁን ዘርግታችሁ ልትነኩት የምትችሉበት ርቀት ላይ ሁኑ። "ሁላችንም እያየነው ነው" ማለት ማንም እያየው አይደለም ማለት ነው። አያትም፣ አክስትም፣ አባትም ባሉበት በስም ተነጋገሩ፦ "ለሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት አንተ ነህ።" ተረኛው ስልክ አይዝም። ፎቶውን ሌላ ሰው ያንሳ። ክንድ ላይ የሚታሰረው ፊኛና በአየር የሚነፋው ቀለበት መጫወቻ ነው፣ ሕይወት አያድንም፣ ይገለበጣል፣ ይተነፍሳል። ሌላው፣ በሁለቱም ቦታ ባህሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ የውሃው ከፍታም በሜትሮች ይለያያል። ጠዋት ልጁ አሸዋ የቆፈረበት ቦታ ከሰዓት ውሃ ሊሆን ስለሚችል የሆቴሉን ሠራተኞች ሰዓቱን ጠይቁ።

ድንገት ቢሰምጥስ? ከውሃው አውጡት፣ ሰው ጥሩ። በእግሩ ገልብጦ ማንጠልጠል፣ ውሃው እንዲወጣ ሆዱን መጫን አይረዳም፣ ጊዜ ይገድላል፣ ትውኪያውም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። የማይተነፍስ ከሆነ ጭንቅላቱን ቀና አድርጋችሁ መጀመሪያ አምስት ጊዜ ትንፋሽ ስጡት፣ ከዚያ የደረቱን መሃል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት ተጫኑ፣ 30 ጊዜ ተጭናችሁ 2 ትንፋሽ፣ እርዳታ እስኪደርስ ሳታቋርጡ። ነቅቶም ቢሆን የሚያስለው፣ ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ወይም የደነዘዘ ልጅ ወደ ሆቴል ክፍል ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ነው የሚሄደው። ይህንን ከመሄዳችሁ በፊት በአሻንጉሊት ላይ ብትለማመዱት ደስ ይለኛል።

ስለ ፀሐይ "ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም" የሚል ነገር እሰማለሁ። ይዘገያል እንጂ ይቃጠላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ ስር ሁኑ፣ ኮፍያና እጅጌ ያለው ስስ ልብስ ይልበሱ። ቁጥሩ 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ ሲወጡ ይደገማል። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ክሬም ሳይሆን ጥላ ነው። ከፀሐዩ ይልቅ የአዲስ አበባን ልጅ የሚጥለው ወበቁ ነው፣ ላቡ አይደርቅም፣ ሰውነቱ አይቀዘቅዝም። ዳይፐሩ ለረጅም ሰዓት ደረቅ ከሆነ፣ አፉ ከደረቀ፣ መጫወት ትቶ ከፈዘዘ ፈሳሽ አንሶታል። ከ6 ወር በታች ያለው ቶሎ ቶሎ ይጥባ፣ ውሃ አይጨመርለትም።

ለተቅማጥ ሁለት ሦስት ከረጢት ኦ.አር.ኤስ ያዙ፣ ለብዙው ዓይነት በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ ነው የሚበጠበጠው፣ ግን ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን እዩ። ዚንክም ጨምሩ (ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊግራም ለ10 ቀን)። አንቲባዮቲክ "ለክፉ ቀን" ብላችሁ አትያዙ። ፓራሲታሞል በኪሎ ነው የሚሰላው፣ በአንድ ጊዜ ለ1 ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። መድኃኒቶቹ በእጅ ሻንጣ ይሁኑ።

የመጨረሻው ወባ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ወባን የሚቋቋምበት ምንም ልምድ የለውም። ተሸካሚዋ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ሲመሽ ረጅም እጅጌና ሱሪ አልብሷቸው፣ አጎበር ያለው አልጋ ጠይቁ፣ ትንኝ የሚያባርር ቅባት ተጠቀሙ (ከ2 ወር በታች ላለ ሕፃን ግን አይሆንም)። መከላከያ ኪኒን ያስፈልግ እንደሆነ እንደ ቦታውና እንደ ልጁ ኪሎ ይለያያልና ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሐኪም አማክሩ። ዶክሲሳይክሊን ከ8 ዓመት በታች አይሰጥም፣ ከፋርማሲ በግምት አትግዙ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ልጁ ቢያተኩስ፣ እዚያ ከደረሳችሁበት 7ኛ ቀን ጀምሮ ከተመለሳችሁ እስከ 3 ወር ድረስ፣ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ይደረግለት። አዲስ አበባ ላይ ትኩሳት ያለው ልጅ ሲመጣ ጉንፋን ነው፣ ካልሆነም ታይፎይድና ታይፈስ ነው ተብሎ በቀላሉ መርፌ ይጀመርለታል። ሐኪሙ ካልጠየቃችሁ እናንተ ቀድማችሁ "ባህር ዳርቻ ሄደን ነበር" በሉት።