ገመዱ እስኪላላ

ቆቦ ላይ ልምምድ የምንጀምረው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ፀሐይ የዞብልን ተራራ ተሻግራ ሜዳውን ከያዘች በኋላ የራያ ቆላ ለሩጫ አይሆንም፤ ረፋዱ ላይ አቧራው ራሱ እግር ያቃጥላል። ከኳሶቹ ጋር በከረጢት ሁልጊዜ አንድ ገመድ ይዤ እወጣለሁ። ከገበያ የገዛሁት፣ የግመል ጭነት የሚታሰርበት ዓይነት ወፍራም ገመድ ነው። አራቱን ተከላካዮች ወገባቸው ላይ አስራቸዋለሁ፤ በአንዱና በሌላው መካከል ስምንት ሜትር ያህል እተዋለሁ። ኳሷ ወደ ቀኝ ስትሄድ አራቱም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትዞር አራቱም ወደ ግራ፣ አማካዮቹ ሲገፉ አራቱም አንድ ላይ ወደፊት።

በመጀመሪያው ወር ማየቱ ራሱ ያደክማል። አንዱ ቀድሞ ይሮጣል፣ ገመዱ እንደ ክራር ክር ይወጠራል፣ የኋለኛው በወገቡ ተጎትቶ ይወድቃል። "ቲቸር፣ እሱ ነው የጎተተኝ!" እያሉ ይካሰሳሉ። በሦስተኛው ወር መውደቁ ይቀራል፣ መወጠሩ ግን አለ። ገመዱ ላልቶ መሬት ሲነካ ያየሁት በስምንተኛው ወር፣ አንድ ማለዳ ላይ ነው። አራቱ ልጆች እርስ በርስ ሳይተያዩ፣ አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ግራና ቀኝ ይመላለሱ ነበር። ፊሽካዬን አፌ ላይ እንዳደረግሁ ሳልነፋው ቀረሁ።

ስምንት ወር የፈጀው እንግዲህ የአራት ሰው መግባባት ብቻ ነው። አማካዮቹ፣ አጥቂዎቹና በረኛው ገና ናቸው።

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የወጣት ቡድን አሰለጥናለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ከማንኛውም ጥያቄ አብዝቶ የሚቀርብልኝ "ቡድኑ መቼ ነው የሚደርሰው?" የሚለው ነው። የኮሚቴ አባላት ይጠይቁኛል፣ ወላጆች ይጠይቁኛል፣ ሻይ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመለያ፣ ለጫማና ለትራንስፖርት የሚወጣው የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ያወጣ ሰው መቼ እንደሚያጭድ መጠየቅ መብቱ ነው። ቅር የሚለኝ የሚጠበቀው መልስ ነው። "ዘንድሮ" ካላልሁ ፊቶች ይጠቁራሉ።

አሜሪካኖች በቤዝቦል ስፖርታቸው ለዚህ ጉዳይ የራሳቸው ስሌት አላቸው። አንድ ክለብ ከፎካካሪነት ሲወርድ ውድ ተጫዋቾቹን ይሸጥና ለጥቂት ዓመታት እየተሸነፈ በወጣቶች ይገነባል። ሂዩስተን አስትሮስ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 ሦስት ዓመት በተከታታይ ከ100 በላይ ጨዋታ ተሸንፏል፤ በ2013 ብቻ ከ162 ጨዋታ 111 ተሸነፈ። በ2017 ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት የተጋጣሚን ምልክት በካሜራ ይሰርቁ እንደነበር በኋላ ተረጋግጦ ቢቀጡም፣ ከታች የተነሡት በእነዚያ ወጣቶች መሆኑ አልቀረም። ቺካጎ ከብስም በ2012 101 ጨዋታ ተሸንፎ፣ በ2016 ከ1908 ወዲህ ያላየውን ዋንጫ አነሣ። በሌላ በኩል ፒትስበርግ ፓይሬትስ ከ1993 እስከ 2012 ድረስ ሃያ ዓመት በተከታታይ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጥ ነበር። እዚያም ቢሆን መሸነፍ ብቻውን ቡድን አይሠራም ማለት ነው።

የእነሱ ስሌት ግን እኛ ዘንድ አይሠራም። እዚያ የመጨረሻ የወጣ ክለብ ከሊጉ አይወርድም። እንዲያውም በወጣቶች ምልመላ ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ስለሚሰጠው በሽንፈቱ ይካሳል። እኛ ጋ የመጨረሻ የወጣ ይወርዳል። ሲወርድ በጀቱ ይቀነሳል፣ ሻል ያለው ልጅ ሌላ ክለብ ይሄዳል፣ አሰልጣኙም ይሰናበታል። ስለዚህ የኢትዮጵያ አሰልጣኝ ቡድኑን የሚገነባው እየተወዳደረ ነው።

ከራሳችን ሜዳ ምሳሌ ልጥቀስ። ጅማ አባ ጅፋር በእኛ አቆጣጠር በ2010 ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በዚያው ዓመት ዋንጫውን በላ። አሰልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ፤ በማግስቱ ዓመት መቀሌ 70 እንደርታን ይዘው ሌላ ዋንጫ አነሡ። ያኔ ብዙ ኮሚቴ "አንድ ዓመትም ይበቃል ማለት ነው" አለ። ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ከሊጉ ወረደ። ያንን ዋንጫ ማንም አይቀማውም፣ ክብሩም የእነሱ ነው። የተዘጋጀ ተጫዋች ሰብስቦ በአንድ ዓመት ማሸነፍ እንደሚቻል አሳይተዋል። በአንድ ዓመት የተሰበሰበ ነገር ሲበተንም እንዲሁ ፈጣን ነው።

ፋሲል ከነማ በሌላ መንገድ ሄደ። በ2009 በፕሪሚየር ሊጉ መጫወት ጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰደ፤ ሊጉን ያሸነፈው በ2013 ነው፣ በኮሮና የተቋረጠውን 2012ን ጨምሮ በአምስተኛው ዓመት። ከውበቱ አባተ ወደ ሥዩም ከበደ አሰልጣኝ ሲቀየር እንደ ያሬድ ባየ ያሉት ምሰሶዎች ከቦታቸው አልተነቀሉም። ባሕር ዳር ከነማም በ2011 ሊጉን ተቀላቅሎ ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰው በ2015 ነው። እሱም አምስተኛው ዓመቱ ነበር። ሁለት ክለብ ሕግ ባይሆንም፣ ለልጆቼ ወላጆች ስናገር እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አዘውትሬ እጠራለሁ።

ወደ ቤታችን ስቀርብ ልቤ የሚከብደው ወልድያ ላይ ነው። ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ክለቡ በ2007 ፕሪሚየር ሊግ ገብቶ በዓመቱ ወረደ፣ በ2009 ተመለሰ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ 25 ሺህ ያህል ተመልካች የሚይዘው የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል-አሙዲ ስታዲየም ተመረቀ። ልጆቼን ይዤ ሄጄ ሣሩን በእጃቸው ሲዳብሱት አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ሜዳ ነክተው አያውቁም። በ2010 ክለቡ እንደገና ወረደ። ስታዲየም ገንዘብና ኮንትራክተር ሲገኝ በታቀደው ጊዜ ያልቃል። በውስጡ የሚጫወቱት አሥራ አንዱ ግን አብረው ወድቀው አብረው መነሣት አለባቸው፤ ለዚህ የሚሆን ማሽን የለም።

ራያ ውስጥ ይህን ለገበሬ ማስረዳት ለቢሮ ሰው ከማስረዳት ይቀለኛል። አባቴ የማሽላ ገበሬ ነበር። በሚያዝያ ዝናብ ከጣለ እንደ ጅጉርቲ ያለውን ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ይዘራል፤ እስከ ኅዳር ይጠብቀዋል። እህሉም አገዳውም የሚተርፈው ከዚያ ነው፤ ከብቱ የሚከርመው፣ አጥሩም የሚታጠረው በዚያ አገዳ ነው። የሚያዝያው ዝናብ ከቀረ ወይም ቡቃያው ከደረቀ ግን ማሳውን ገልብጦ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ዘር ይዘራል፤ አለዚያም ጤፍ። እንደ ጎብዬና አብሽር ያሉ፣ ቶሎ የሚደርሱና የአቀንጭራ አረምን የሚቋቋሙ ዝርያዎች ወጥተው ብዙ ቤት አትርፈዋል። አባቴ ሐምሌ ላይ ዘር በመቀየሩ አላፈረም። በሐምሌ የዘራውን ግን በኅዳር የጅጉርቲ አገዳ አልጠበቀበትም። የእኛ ኮሚቴዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ በሐምሌ በጀት ያጸድቃሉ፣ አሰልጣኝ ይቀይራሉ፣ ግማሹን ቡድን ያሰናብታሉ፣ ከዚያ የሰባት ወሩን ምርት በሦስት ወር ይጠይቃሉ።

እኔም ደርሶብኛል። አንድ የከተማ ቡድን ውስጥ ምክትል አሰልጣኝ ሳለሁ ዋናው አሰልጣኝ ከዘጠኝ ጨዋታ በኋላ ተሰናበተ፣ እኔም ተከተልሁ። አዲሱ ሰው አሥራ አራት ተጫዋች ይዞ መጣ። ከሱ በኋላ የመጣውም እንዲሁ አደረገ። በሁለት ዓመት ሦስት ቡድን ተሠራ፤ አንዱም የሁለት ዓመት ዕድሜ አልነበረውም። በመጨረሻ "ሁለት ዓመት ጠበቅን፣ ምንም የለም" ተባለ። የጠበቀው በጀቱ እንጂ ቡድኑ አልነበረም።

እኔ ዓመት የምቆጥረው ከዚያ ወዲህ በሌላ መንገድ ነው። አሰልጣኙ ከተቀጠረበት ቀን አልጀምርም። ከአሥራ አንዱ ቋሚዎች ቢያንስ ሰባት ስምንቱ አብረው መጫወት ከጀመሩበት ቀን ነው የምጀምረው። ግማሹ ከሄደ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይዞራል።

የእኛ ሰዓት ደግሞ ስንት ጊዜ ዞሯል! በ2011 ዕድሜያቸው አሥራ አምስት ገደማ የሆኑ ሃያ ሁለት ልጆች ሰብስቤ ነበር። በ2014 ለውድድር ይደርሳሉ ብዬ አስቤ ነበር። በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ በ2014 ክረምት ማብቂያ ዳግም ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፣ ቤተሰብ ተበተነ። ከፕሪቶሪያው የሰላም ስምምነት በኋላ በ2015 ፊሽካዬን ይዤ ሜዳ ስወጣ ከሃያ ሁለቱ ዘጠኙ መጡ። የቀሩት አንዳንዶቹ በሌላ ከተማ ነበሩ፤ የማይመለሱም ነበሩ። በዚያ ማለዳ ልምምድ አልሠራንም፤ ክብ ሠርተን ተቀምጠን የሌሉትን ስም እየጠራን አወራን። ከዚያ ወዲህም ሰላሙ ሙሉ ስላልሆነ መንገድ ተዘግቶ ጨዋታ የሚቀርበት ሳምንት ጥቂት አይደለም።

ከዘጠኙ አንዱ የቀኝ ተከላካዬ ነበር። ገመዱ ሲላላ ካየኋቸው አራት ልጆች እሱ ቀኙን የያዘው ነው። ሁለተኛው ዓመት ሳይሞላ አንድ ሰኞ ቀረ። እንደ ብዙ የራያ ልጆች በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ወደ ሳዑዲ ሄደ። በእሱ ቦታ ሌላ ልጅ አሰርሁ፤ ገመዱ በዚያው ጠዋት እንደገና ተወጠረ። አዲሱ ልጅ ከሄደው ይልቅ ፈጣን ነበር፤ ችግሩም ፍጥነቱ ነበር፣ ሌሎቹ አያውቁትም። ከወራት በኋላ የሄደው ልጅ ስልክ ደወለ። የጠየቀኝ ስለ ቤቱ አልነበረም። "ቲቸር፣ በእኔ ቦታ ማን ገባ?" አለኝ።

ሌላውን ወገንም መናገር አለብኝ። ጊዜ ስጡኝ እያለ የሚያመልጥ አሰልጣኝ አለ። "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላል። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ግን የታቀፈው ሲኖር ነው፤ ዝም ብሎ ከተቀመጠማ ይበላሻል። ብሔራዊ ቡድናችን በ1954 አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣ። ከ1974 በኋላ ግን ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በሰውነት ቢሻው ጊዜ፣ በ2005 ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት! ያን ሁሉ ጊዜ "ቡድን እየገነባን ነው" ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ። ደግሞም ወጣት ሽንፈትን ይለምዳል። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተሸነፈ የሚያድግ ልጅ ጎል ሲቆጠርበት ራሱን ማቀርቀር ይማራል፤ ያንን ማስተው ከገመዱ ይከብዳል።

ስለዚህ ስጠየቅ ሦስት ዓመት እላለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ሰንጠረዡን አታሳዩኝ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስንት ልጅ እንደተገኘ ጠይቁኝ። በሁለተኛው ዓመት የምመለከተው ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የሚቆጠርብንን ጎል ነው፤ እዚያ ላይ ካልቀነሰ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ልጆቹን አቅም አላስጨበጥኋቸውም፣ ወይም ሲደክማቸው መነጋገር አላስተማርኋቸውም። ከሜዳቸው ውጪ አቻ ይዘው መመለስ መጀመር ያለባቸውም ያኔ ነው። በሦስተኛው ዓመት በሰንጠረዡ ፍረዱኝ። ከግማሽ በታች ካለሁ አሰናብቱኝ፣ አልከራከርም። ዋንጫ ግን ከአምስተኛው ዓመት በፊት ቃል አልገባም። የሚገባውንም አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን ከየት እንደሚያመጣና በማግስቱ ዓመት የት እንደሚሆኑ ጠይቁት።

ይህን ለምታነቡ የስፖርት ኮሚቴ አባላት አንድ ልመና አለኝ። ሐምሌ ላይ በጀት ስታጸድቁ ከአሰልጣኙ ውል በፊት የልጆቹን ስም ዝርዝር አምጡ። ዘንድሮ ቋሚ ከሆኑት ውስጥ ለከርሞ ስንቱ እንደሚቆዩ ቁጠሩ። የሚሄዱ ካሉ ለምን እንደሚሄዱ ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ አንዳንዱን የሚያስቀረው የኪስ ገንዘብ ነው፣ አንዳንዱን ትምህርት፣ አንዳንዱን ደግሞ ትፈለጋለህ የሚለው ሰው ማግኘቱ ብቻ። የቀኝ ተከላካዬን ማንም ሄዶ አልጠየቀውም፤ እኔም ጭምር።